ኮልድ ሚክስ በደሴ ክረምት፦ የጉድጓድ ጥገና ማስታወሻ

ግንቦት መጨረሻ

"ኮልድ ሚክስ አይይዝም።" ደሴ ውስጥ መንገድ የሚጠግን ሰው ሁሉ ሳይሞቅ ጉድጓድ ስለሚሞላው የጠጠርና የሬንጅ ድብልቅ ይህን ይላል። ዘንድሮ ግን "አይይዝም" ብሎ ማለፍ አልፈለግኩም። የማይይዘው የት ነው? እንዴት ሆኖ ነው የሚለቀው? ተገፍቶ? ተፈርፍሮ? ሰምጦ? ወይስ ጠርዙ ተከፍቶ? አራቱ አራት የተለያየ ጣጣ ናቸው። መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልናገር። ትኩስ አስፋልት ከማምረቻው ሲወጣ 150 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ወደ 80 ዲግሪ ከወረደ በኋላ የፈለግከውን ያህል ብትጠቀጥቀው አይጠጋጋም። ክረምት ላይ ጭጋግ ውስጥ ትንሽ ጭነት ይዘህ ስትዞር ደግሞ ግማሹ መኪናው ላይ ይደርቃል። ለጥቂት ጉድጓድ ብሎ ማምረቻ የሚያስነሳልህም የለም። ኮልድ ሚክስ ሳይሞቅ በአካፋ ይወጣል። ሬንጁን የሚያለሰልሰው ሙቀት ሳይሆን ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ ነው። ጋዙ ወይም ውሃው ሲወጣ ሬንጁ ይጠነክራል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው፦ በሐምሌ፣ በደሴ ብርድ፣ በየት በኩል ይወጣል?

የምሞክራቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ በ25 ኪሎ ከረጢት ታሽጎ የሚመጣው ነው። ውድ ነው። ሁለተኛው ራሳችን በኢሙልሽን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በተበተነ ሬንጅ፣ የምንለውሰው ነው። ሦስተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከፕራይም ኮት (አስፋልት ከመነጠፉ በፊት ከሥሩ ባለው ጠጠር ላይ ከሚረጨው ቀጭን ሬንጅ) የተረፈ የኤምሲ 30 በርሜል ከግቢ ጥግ ይወጣል፣ ጠጠር ላይ ይደፋል፣ ይለወሳል፣ ጉድጓድ ይሞላል። እሱን የጨመርኩት ስለማምንበት አይደለም። እዚህ ከተማ ኮልድ ሚክስ ሲባል አብዛኛው ሰው ያየው እሱን ነው። የሌሎቹንም ስም ያጠፋው እሱ ይመስለኛል።

ኤምሲ የሚባለው በነጭ ጋዝ የቀጠነ ሬንጅ ነው። ቁጥሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ይወፍራል። በመመዘኛው መሠረት ጋዙ ተጣርቶ ሲወጣ የሚቀረው ሬንጅ በኤምሲ 30 ቢያንስ 50 በመቶ ነው። በኤምሲ 250 ቢያንስ 67፣ በኤምሲ 800 ደግሞ ቢያንስ 75 በመቶ ነው። እንግዲህ ኤምሲ 30 ስታፈስ እስከ ግማሽ ድረስ ጋዝ እያፈሰስክ ሊሆን ይችላል። የተሠራው ቤዝ ኮርስ፣ ማለትም ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር ንጣፍ፣ ውስጥ ሰርጎ እንዲገባ ነው። ድንጋይን ከድንጋይ አጣብቆ መኪና እንዲሸከም አይደለም።

ሰኔ መጀመሪያ፣ ቦታ መረጣ

ደሴ ላይ ሦስት ቦታ ያዝን። አንዱ ፒያሳ አካባቢ ታክሲና ባጃጅ ፍሬን ይዘው የሚቆሙበት ነው። ሁለተኛው ወደ ሰኞ ገበያ አቅጣጫ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው አስፋልቱን ተከትሎ ይወርዳል። ሦስተኛው ሆጤ በኩል ያለ ለጥ ያለ የውስጥ መንገድ ነው። ደሴ ላይ "ለጥ ያለ" ማለት ኳስ ሲቀመጥበት ቀስ ብሎ የሚንከባለልበት ማለት ነው።

አራተኛው ቦታ ኮምቦልቻ ነው፤ የአንድ መጋዘን በር። ከባድ መኪና እዚያ በር ላይ ቆሞ መሪ ያዞራል። ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣ ተሳቢ ጭኖ ሲገባ የፊት ጎማው በአንድ ቦታ ሲሽከረከር ታያለህ። አስፋልት ከዚህ የከፋ ነገር አይገጥመውም።

ኮምቦልቻን የጨመርኩት ለመኪናው ብቻ ብዬ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረጎን ወርደህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ ነው፣ ግን በከፍታው ልዩነት ብቻ ወደ 4 ዲግሪ ሙቀት ይጨምራል። ፀሐዩም ሌላ ነው። ጋዝና ውሃ በመትነን ለሚጠነክር ነገር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሐረጎ ላይ ራሱ መሞከር ያምረኝ ነበር። እዚያ ዳገት ላይ የያዘ ነገር የትም ይይዛል። ግን መንገዱ የፌዴራል ነው፤ እኛ አካፋ የምናሳርፍበት አይደለም።

በየጉድጓዱ ግራና ቀኝ፣ ደህናው አስፋልት ላይ፣ ከወለሉ እኩል ሚስማር መታን። ሲባጎ ከሚስማር ሚስማር ወጥረህ መሀሉ ላይ በማስመሪያ ስትለካ ጥገናው ምን ያህል እንደሰመጠ ወይም እንደተነሳ ታውቃለህ። ዓይን ይዋሻል፣ በተለይ ራስህ የሠራኸውን ስታይ።

ሰኔ፣ ጠጠሩ

ከክሬሸር፣ ከድንጋይ መፍጫው፣ ዜሮ ዜሮ እና ዜሮ አንድ የሚባሉትን ደቃቅ የጠጠር ዓይነቶች አስመጣን። የአካባቢያችን ድንጋይ ጥቁር ባዛልት ነው። ጠንካራ ነው፣ ሲፈጭም ስል ጠርዝ ያወጣል። ስል ጠርዝ እንፈልጋለን፤ ድንጋዩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚይዘው በጠርዙ ነው። የወንዝ ጠጠር ይንሸራተታል፤ ቦርከና ዳር ርካሽ ተገኘ ብላችሁ እንዳትታለሉ።

ችግሩ አቧራው ነው። አንድ ጭብጥ ጠጠር ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ ውሃ ሞልቼ በጠበጥኩት። ጠጠሩ ወዲያው ሰፈረ። ከላዩ የጭቃ ንብርብር ቀስ እያለ ወረደ፤ ወፍራም ነው። ሬንጅ አቧራ ያለበት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚጣበቀው ከአቧራው ጋር ነው። ኋላ ውሃ ሲመጣ አቧራው ይለቃል፣ ሬንጁም አብሮ ይሄዳል። ለኮልድ ሚክስ ደቃቁ አቧራ ከ2 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። የእኛ ከዚያ በጣም ይበልጣል።

ስለዚህ ግማሹን በወንፊት እያጠብን አዘጋጀን። ፎርማናችን አልወደዱትም። "ድንጋይ የሚያጥብ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። ግማሹን ሳይታጠብ ተውነው፤ ልዩነቱን አብረን እናያለን።

ሰኔ፣ ልወሳ

የኢሙልሽኑ ሒሳብ እንዲህ ነው። ለ100 ኪሎ ጠጠር 5 ኪሎ ንጹሕ ሬንጅ እንፈልጋለን። ያገኘነው ኢሙልሽን ወደ 60 በመቶ ሬንጅ ነው፣ ቀሪው ውሃ ነው። 5 ለ0.6 ሲካፈል 8.3 ኪሎ ይመጣል። ጠጠሩን መጀመሪያ በ2 ወይም 3 ሊትር ውሃ ማራስ ያስፈልጋል፤ ደረቅ ጠጠር ላይ ካፈሰስከው ሳይዳረስ እዚያው ይቋጥራል። 1 ኪሎ ሲሚንቶም ጨመርን። ሲሚንቶው የተረፈውን ውሃ ስለሚጠጣ ቶሎ እንዲጠነክር ያግዛል።

ሲለወስ የወተት ቡና ቀለም አለው። ከዚያ ከጠርዝ ጀምሮ እየጠቆረ ይሄዳል። ያኔ ውሃው ከሬንጁ እየተለየ ነው፤ "ሰበረ" እንላለን። ከሰበረ በኋላ አካፋህን ማንሳት አለብህ። መለወስ ከቀጠልክ የያዘውን ሬንጅ ከድንጋዩ መልሰህ ትልጠዋለህ። ኮምቦልቻ ላይ ሲጠቁር ቆመህ ታየዋለህ። ደሴ ላይ ቡና አስፈልተህ፣ ጠጥተህ፣ ተመልሰህ አሁንም ቡናማ ነው።

ሰኔ፣ ድስቱ

የመፍላት ሙከራ። ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የተለወሰውን ጠጠር ድስት ውስጥ አድርገህ ለ10 ደቂቃ ታፈላዋለህ። ከዚያ ውሃውን አፍስሰህ ነጭ ወረቀት ላይ ታሰጣዋለህ። ምን ያህሉ ድንጋይ ሬንጁን እንደለበሰ ቀረ? ከ90 በመቶ በላይ ጥቁር ከሆነ ጥሩ ነው።

የኢሙልሽኑን መጀመሪያ እንዲደርቅ ቀናት ሰጠነው። እርጥብ እያለ ብታፈላው ምንም አይነግርህም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንደ ባሕር ጠረፍ 100 አይደርስም። ስለዚህ የእኛ ድስት ከመጽሐፉ ትንሽ ለዘብ ያለ ነው። እዚህ ለጥቂት ያለፈ ነገር እንዳለፈ ባይቆጠር እላለሁ።

የከረጢቱ እንደገባ ወጣ፣ ጥቁር ነው። የኢሙልሽኑ ሁለት መልክ አለው። በታጠበው ጠጠር የተሠራው ጥቂት ጫፍ ላይ ብቻ ተራቁቷል። ባልታጠበው የተሠራው ላይ ግራጫ ድንጋይ በየቦታው ብቅ ብቅ ብሏል። አንዷን ጠጠር በጥፍሬ ፋቅኳት። ሬንጁ እንደ ስስ ልጣጭ ተነሳ፤ ከሥሩ ጣቴ ላይ የቀረው አቧራ ነው። ለፎርማኑ ሰጠኋቸው። ዝም ብለው ገለባበጧት፣ ከዚያ ወንፊቱ የት እንዳለ ጠየቁ።

የበርሜሉን ስናፈላ ውሃው ላይ የዘይት ቀለም ተንሳፈፈ፣ ጋዝ ጋዝ ሸተተ። እሳቱን በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከበርሜሉ ርቆ፣ ትንሽ ናሙና ብቻ። የተረፈው ጠጠር ግማሽ ግማሹ ራቁቱን ነው። ድስቱ ደግሞ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም፤ ገዝታችሁ ለዚሁ አስቀሩት።

ሰኔ ሚካኤል ሰሞን፣ ወንፊቱ

ሌላ ቀላል ሙከራ፤ ከካናዳ የመጣ ነው። ድብልቁ እርስ በርሱ ይያያዛል ወይ የሚለውን ያያል። ድብልቁን 4 ዲግሪ ላይ ታቀዘቅዘዋለህ። ባለ 4 ኢንች ሻጋታ ውስጥ ከታችም ከላይም አምስት አምስት ጊዜ ትመታዋለህ። የወጣውን ድቡልቡል ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ክብ ወንፊት ላይ አቁመህ ወደፊት ወደኋላ 20 ጊዜ ታንከባልለዋለህ። ቢያንስ 60 በመቶው ወንፊቱ ላይ መቅረት አለበት።

ሻጋታችን የቧንቧ ቁራጭ ነው። ማቀዝቀዣችን ሰፈራችን ያለች የለስላሳ መሸጫ ፍሪጅ ናት። ባለቤቷ ሁለት ጊዜ በላስቲክ ካልተጠቀለለ አላስገባም አለች፤ እውነቷን ነው።

የከረጢቱ ጠርዙ ብቻ ረገፈ። የበርሜሉ ገና ስናቆመው ዘመመ፤ መንከባለል ሲጀምር አብዛኛው መሬት ወረደ። ኢሙልሽኑን እዚህ ሙከራ ውስጥ አላስገባሁትም። ይህ መለኪያ ተከምሮ ለሚቆይ ድብልቅ የተሠራ ነው። ተለውሶ ወዲያው ለሚፈስስ ነገር ፍርድ መስጫ አይሆንም።

ሰኔ አጋማሽ፣ ሙሌት

የሥራው ቅደም ተከተል። የላላውን አስፋልት በከተር (በአስፋልት መቁረጫው ማሽን) አራት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥ። በዲጅኖ እስከ ጠንካራው ድረስ ማውጣት። ጭቃውንና ውሃውን መጥረግ። ጎኑንና ወለሉን ስስ ኢሙልሽን መቀባት። ከዚያ በ5 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየሞሉ መጠቅጠቅ። መጨረሻ ላይ ከመንገዱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መተው፤ መኪናው ይጨርሰዋል። ላዩ ላይ ደቃቅ አሸዋ መነስነስ፤ አለበለዚያ ባጃጅ በጎማው ይዞት ይሄዳል።

በየቦታው ግን አንዳንድ ጉድጓድ ሳንቆርጥ ትተናል። ጠርገን፣ ሞልተን፣ በጭነት መኪናችን ጎማ ደጋግመን ሄድንበት። ይህም በቂ ምክንያት አለው። በ1991 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖች የስትራቴጂክ ሃይዌይ ሪሰርች ፕሮግራም በሚባለው ሥራቸው በአሜሪካና በካናዳ 8 ቦታዎች ላይ ከ1,200 በላይ ጉድጓዶች በተለያየ ዘዴ ሞልተው ተከታትለዋል። ጥሩ ቁስ እስከተጠቀምክ ድረስ ሞልቶ በጎማ መጠቅጠቅ በጥንቃቄ ተቆርጦ ከሚሞላው የማያንስ ሆኖ አገኙት። ወጪ ሲታሰብ ደግሞ ይሻላል፤ በአንድ ቀን ብዙ ጉድጓድ ስለሚደፈን። ቁልፉ "ጥሩ ቁስ" የምትለዋ ናት። እኛ አገር ሰው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው የሰማው።

ስለ ከረጢቱ አንድ ስሌት ልተውላችሁ። ተጠቅጥቆ ሲያልቅ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 2,100 ኪሎ ይመዝናል። 25 ኪሎ ከረጢት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ብትገለብጠው 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። "አንድ ጉድጓድ አንድ ከረጢት" የሚል ሻጭ ጉድጓድ አላየም፣ ወይም ደሴን አላየም።

እዚያው ሳምንት፣ ሰኞ ገበያ ቁልቁለት

ጠዋት ጠራራ ነበር። የኢሙልሽኑን ሞልተን ጠቅጥቀን ጨረስን። ገና አልጠቆረም። ከቀትር በኋላ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለበሰ፤ ዕቃ ሳንሰበስብ ዝናቡ ወረደ።

ቡናማ ውሃ ከጥገናው ሥር እየወጣ በቁልቁለቱ ወደ ቦዩ ወረደ። ሬንጃችን ነው የሚሄደው። ሸራ አልብሰን፣ ጠርዙን በድንጋይ ይዘን፣ የቻልነውን አተረፍን። አንድ ባጃጅ ጎማው ቡናማ ሆኖ ቆመ። "አብሽር ጋሼ፣ ይታጠባል" አለኝ። ይታጠባል፣ ካልደረቀ። እንግዲህ ጋዝ እንዲፈልግ ነገርኩት።

ጠዋት ሸራውን ስናነሳ ላዩ ላይ ሬንጅ የታጠበበት ጠጠር ሜዳ ሆኗል። ጠርገን አወጣነው። ደሴ ላይ ኢሙልሽን ከጠዋት ሦስት ሰዓት በፊት ተለውሶ ካልገባ ባይገባ ይሻላል። ክረምቱ ውስጥ ከሰዓት የዝናቡ ነው።

ኮምቦልቻ

በአንድ ጠዋት ተጠናቀቀ። ኢሙልሽኑ ዓይናችን እያየ ጠቆረ። ከሰዓት መኪና ለቀቅንበት።

ሐምሌ መጀመሪያ

ፒያሳ ላይ የበርሜሉ ተገፋ። ፍሬን በሚያዝበት አቅጣጫ ወደፊት ሄዶ ጉብታ ሠራ፤ ከኋላው ጉድጓዱ ተመልሶ ተከፍቷል። መኪናው አሁን መጀመሪያ ይገባል፣ ከዚያ ይዘላል። ከመሞላቱ በፊት አንድ ችግር ነበር፣ አሁን ሁለት ሆኗል። በዘንግ ስወጋው ውስጡ ለስላሳ ነው። ላዩ ግን ጠንክሯል። ላዩ ቶሎ ስለደረቀ ከታች ያለውን ጋዝ ዘግቶበታል። የደሴ ሐምሌ ደግሞ ፀሐይ አይሰጥህም።

የከረጢቱ እዚያው አጠገቡ ቆሟል። ሲባጎ ስወጥር መሀሉ ጥቂት ሰምጧል። ይህ መስመጥ እንጂ መገፋት አይደለም። ጎማው እኛ ያላጠናቀቅነውን ጥቅጠቃ እያጠናቀቀ ነው። ኮልድ ሚክስ ተጠቅጥቆም ቢሆን ውስጡ ብዙ ባዶ ቦታ ይቀረዋል፤ ከ10 በመቶ በላይ፣ አንዳንዴም ወደ 20 ይጠጋል። በደንብ የተጠቀጠቀ ትኩስ አስፋልት ብዙውን ጊዜ ከ8 በመቶ አይበልጥም። ለዚህ ነው ከፍ አድርገን የምንተወው።

ሐምሌ አጋማሽ

ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሚገርመው ነገር እዚህ የበርሜሉ ደሴ ላይ ካለው ወንድሙ ይሻላል። ፀሐይ ስላገኘ ጋዙ ወጥቷል። ቆንጆ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን አልተገፋም። የከረጢቱ በተቃራኒው ቀትር ላይ ይለሰልሳል። ጣቴን ስጫን ምልክት ይተዋል። ለቀዝቃዛ አገር የተመጠነ ሬንጅ ይመስላል፤ ደሴ ላይ የረዳው ነገር እዚህ ጎዳው።

ጎማው በሚዞርበት በኩል ግን ሦስቱም እየተፈረፈሩ ነው። ቆሞ መሪ የሚያዞር ጎማ ጠጠሩን አንድ በአንድ ነቅሎ ያወጣል። ዘበኛው ጠጠሩን እየጠረገ ጥግ ላይ ከምሮልኛል። "ያንተ ነው፣ ውሰደው" አለኝ።

ነሐሴ

ዝናብ። ጭጋግ። ሲባጎው እርጥብ ነው፣ ማስመሪያው አይነበብም።

ፍልሰታ ማብቂያ

ሆጤ ያለው የከረጢት ጥገና ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭቃ አውጥቷል። ጥገናው ራሱ ደህና ነው፤ አልሰመጠም፣ አልተፈረፈረም። መኪና ሲያልፍበት ግን ከስንጥቁ ቡና መሳይ ውሃ ብቅ ይላል። ውሃ ከሥር ገብቷል ማለት ነው። ጎማው ሲጫን ውሃው ቤዝ ኮርሱን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ጥገናው ሳይጎዳ ከነአካሉ ይሰምጣል። ያኔ ሰው "ኮልድ ሚክስ አይይዝም" ይላል።

ከፍ ብዬ ሄድኩ። ቦዩ በፕላስቲክ ጠርሙስና በፌስታል ተደፍኖ ውሃው መንገዱ ላይ ተኝቷል። የሰፈር ልጆች ረዱኝ፣ በዲጅኖ ከፈትነው። ጠርዙን ደግሞ ዝናብ ባረፈበት ጠዋት አደረቅን፤ ግማሹ ጥገናው ላይ፣ ግማሹ አሮጌው አስፋልት ላይ እንዲያርፍ አድርገን የሬንጅ መቀነት ቀባን፣ አሸዋ ነሰነስንበት። ትንሽ ሥራ ናት። ተመልሶ መምጣት ስለሚጠይቅ ግን ማንም አይሠራትም።

መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ

ዝናቡ ቆመ። ዞሬ ለካሁ።

ፒያሳ፦ የበርሜሉ የለም፤ ነሐሴ ላይ ጠርገን በከረጢት ተክተነዋል። የመጀመሪያው የከረጢት ጥገና ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ሰምጦ እዚያ ቆሟል፤ ሐምሌ መጨረሻ ከለካሁት ወዲህ አልጨመረም። ተቆርጦ የተሞላውና ሳይቆረጥ በጎማ የተጠቀጠቀው ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ያልተቆረጠው ጠርዙ ላይ ሳስቷል፣ መሀሉ አንድ ነው። አሜሪካኖቹ ያሉት ልክ ነው ለማለት ይበቃኛል።

ሰኞ ገበያ፦ በሁለተኛው ጊዜ ጠዋት በታጠበ ጠጠር የሠራነው ኢሙልሽን ይዟል። ባልታጠበው የሠራነው ላዩ ተላጥቷል።

ሆጤ፦ ቀለበቱ ደርቋል። ጭቃ አይወጣም።

ፎርማናችን የታጠበውንና ያልታጠበውን ጎን ለጎን አይተው፣ "ክሬሸር ላይ ታጥቦ ይመጣ እንደሆን እጠይቃለሁ" አሉ። አይመጣም ብለዋቸዋል። አሁን ወንፊቱ የእሳቸው ነው።

ጥቅምት መጨረሻ

ትኩስ አስፋልት መጣ። ተራ የደረሳቸውን ቦታዎች ቆርጠን ማውጣት ነበረብን። ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር፤ ጥገና ውስጡን የሚያሳይህ ሲወጣ ብቻ ነው።

የከረጢቱ በዲጅኖ አልሰበር ብሎ በቁራጭ ወጣ። የተቆረጠው ጎኑ ያበራል። ሆጤ ያቆየነው የበርሜል ጥገና ላዩን ስናየው ደህና ነበር፤ በቀላል መንገድ ላይ ስለነበር አልተገፋም። ዲጅኖው ሲገባ ግን ነጭ ጋዝ ሸተተ። አንድ ክረምት ሙሉ አልፎበት ከላይ ሁለት ጣት ያህሉ ብቻ ነው የደረቀው። ከሥሩ በእጅህ ትቆርሰዋለህ። ጠጠሩን ጨብጬ ስለቀው መዳፌ ጠቆረ።

በጣም ያስተማረኝ የኢሙልሽኑ ነው። ሰኞ ገበያ ካለው አንዱ ጥልቅ ስለነበር ሰዎቹ ተቻኩለው በአንድ ጊዜ ሞልተውት ነበር። የላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር ጥቁርና ጠንካራ ነው። ከዚያ በታች ቀለሙ ይቀየራል፦ ቡናማ፣ እርጥብ፣ ሽታ የለው። ውሃው መውጫ አላገኘም። አጠገቡ በሁለት ንብርብር፣ በመሀል አንድ ጠዋት ተሰጥቶት የተሞላው እስከ ታች ጥቁር ነው። አንድ ዓይነት ጠጠር፣ አንድ ዓይነት ኢሙልሽን፣ አንድ ዓይነት ሰው ነው የሠራቸው።

ኅዳር፣ ለሚመጣው ክረምት ጥያቄ

የቁስ ጥያቄ ጻፍኩ። ለደሴ ፍሬን የሚያዝበትና ዳገት ቁልቁለት ያለበት ቦታ የከረጢቱ ይሁን። ውድ ነው ይሉኛል። ኪሎው ውድ ነው፤ ግን ፒያሳ ላይ የበርሜሉን ጠርገን ስንተካ የሠራተኛው፣ የመኪናው፣ መንገድ የዘጋንበት ጊዜ ተደምሮ ከከረጢቱ ዋጋ ይበልጣል። ይህን ከነሒሳቡ አያይዣለሁ።

ለኮምቦልቻ ቀጥተኛ መንገዶችና ለደሴ የውስጥ መንገዶች ኢሙልሽን። ከታጠበ ጠጠር ጋር፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብርብር፣ ደሴ ላይ ጠዋት ብቻ። ኢሙልሽኑ ግንቦት ላይ ይምጣ፤ ብዙ ወር በርሜል ውስጥ ቆሞ ከከረመ ሬንጁ ታች ይዘቅጥና ማማሰያም አያስነሳውም።

ኤምሲ 30 ለፕራይም ኮት ብቻ ጠየቅኩ። የተረፈው ተመልሶ በመዝገብ እንዲገባ የሚል መስመር ጨመርኩ። ጥግ ላይ በርሜል ካለ ጠጠር ላይ የሚደፋው ሰው አይጠፋም።

የመጋዘኑ በር ቀረ። እዚያ ለሞከርናቸው ሁሉ ዘበኛው ጠጠር ከምሮልናል። ለዚያ ቦታ ኮልድ ሚክስ አልጠየቅኩም፣ ትኩስም አልጠየቅኩም። ጎማው ለሚዞርበት ስፋት ያህል ኮንክሪት ጠይቄያለሁ። የመጋዘኑ ባለቤት ግማሹን ወጪ እሸፍናለሁ ብሏል፤ በጽሑፍ አምጣ ብዬዋለሁ።